የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የጤና መርሐ ግብሮችና የመደጋገፊያ ቡድኖች፤ አመጣጥ፣ አሠራርና ውጤት

የሠራተኞች የጤናና የደኅንነት መርሐ ግብር ማለት ቀጣሪው ተቋም ሠራተኞቹ ከሕመም፣ ከሱስና ከሥራ ውጥረት እንዲጠበቁ፣ ችግሩ ሲደርስባቸውም እንዲያገግሙ በራሱ ወጪ ወይም ከሠራተኛው ጋር በሚጋራው መዋጮ የሚያካሂደው ሥራ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚታየው አራት ዓይነት መልክ ይዞ ነው። እነዚህም ወቅታዊ የጤና ምርመራ፣ የአካል እንቅስቃሴና የአመጋገብ ትምህርት፣ ምስጢሩ የተጠበቀ የምክር አገልግሎት፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ባልደረቦች በየጊዜው እየተገናኙ የሚመካከሩበት የመደጋገፊያ ቡድን ናቸው።

አራቱ በበጀት ሰነዶች ላይ ብዙውን ጊዜ በአንድ ርዕስ ሥር ተጠቃለው ይቀርባሉ። ይሁንና መነሻቸውም፣ ወጪያቸውም፣ ውጤታማነታቸውን የሚያሳየው ማስረጃም እጅግ ይለያያል። በአንዱ የተገኘን ውጤት ለሌላው እንደ ማስረጃ ማቅረብ በዘርፉ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ በጀት የሚያጸድቅ ኃላፊም በቅድሚያ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይኸው ነው።

ከፋብሪካ ወደ ዩኒቨርሲቲ

የመደጋገፊያ ቡድን በዛሬ መልኩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ ቦታውም በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የምትገኘው አክሮን ከተማ ነበረች። ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ደላላና ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም፣ ሁለቱም የመጠጥ ሱሰኞች፣ እርስ በርስ በመነጋገር ብቻ ከመጠጥ መታቀብ እንደሚቻል በራሳቸው ካዩ በኋላ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። ማኅበሩ አባላቱን ክፍያ አይጠይቅም፤ መዝገብም አይዝም። በስብሰባው የሚነገረው ከስብሰባው አይወጣም።

በ1940ዎቹ ዱፖንትና ኢስትማን ኮዳክን የመሳሰሉ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህንኑ ልምድ ወደ ሥራ ቦታ አመጡት። ሰካራም የሚባለውን ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ አሳክሞ ወደ ሥራው መመለስ ለኩባንያው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ደግሞ አሠራሩን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስገባው። ሕጉ የሚጠራው ባረቀቁት የአዮዋው ሴናተር ሃሮልድ ሂዩዝ ስም ሲሆን፣ ሴናተሩ ራሳቸው ቀድሞ የመጠጥ ሱሰኛ የነበሩና ይህንንም በአደባባይ ይናገሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ለፌዴራል መንግሥት ሲቪል ሠራተኞች የመከላከያና የሕክምና አገልግሎት እንዲዘጋጅ ያስገደደው ይኸው ሕግ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት አገልግሎቱ ከመጠጥ አልፎ ወደ ቤተሰብ ችግር፣ ወደ ዕዳ፣ ወደ ኀዘንና ወደ መንፈስ ጭንቀት ሰፋ፤ ስሙም የሠራተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ሆነ። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት የሚገኘው አሠራር ቀላል ነው። ሠራተኛው በስልክ ወይም በአካል ቀርቦ ለተወሰነ ቁጥር ከክፍያ ነፃ የሆነ ምክር ያገኛል፤ ጉዳዩ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሐኪም ይላካል። የሥራ ኃላፊው ሠራተኛውን ወደ አገልግሎቱ ሊመራው ይችላል፤ በምክር ክፍሉ የተነገረውን ግን ሊያውቅ አይችልም።

ዩኒቨርሲቲ እንደ ሥራ ቦታ የራሱ ጠባይ አለው። በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተመራማሪ፣ የቤተ ሙከራ ረዳት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛና የጥበቃ ሠራተኛ አብረው ይውላሉ፤ ሌሊቱን የሚያድሩም አሉ። የመምህሩ ሥራ ከቢሮ ሰዓት ውጭ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ የጥበቃው ሥራ ደግሞ በፈረቃ የተቆራረጠ ነው። ለአንዱ የተመቸ ፕሮግራም ለሌላው የማይደረስበት ይሆናል።

ትልቁ ተስፋና የኢሊኖይ ፈተና

በአሜሪካ የሠራተኛውን የጤና መድን አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍነው ቀጣሪው በመሆኑ፣ ተቋማቱ በጤና መርሐ ግብሮች ላይ ገንዘብ የሚያፈሱት ለሠራተኛው ከማሰብ ብቻ ሳይሆን ወጪ ለመቆጠብም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካትሪን ቤይከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ጽሑፍ ለመርሐ ግብሩ የሚወጣ እያንዳንዱ 1 ዶላር የሕክምና ወጪን በ3 ነጥብ 27 ዶላር፣ ከሥራ መቅረት የሚያስከትለውን ወጪ ደግሞ በ2 ነጥብ 73 ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ ገልጸው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የጤና ማሻሻያ ሕግ ቀጣሪዎች ለተሳታፊ ሠራተኞች የሚሰጡት ማበረታቻ ከመድኑ ዋጋ እስከ 30 በመቶ እንዲደርስ ፈቀደ። መርሐ ግብሮቹም ተስፋፉ።

ጥያቄው ግን አልተዘጋም ነበር። ቀደምቶቹ ጥናቶች በአብዛኛው ያነጻጸሩት በፈቃዳቸው የተሳተፉትን ካልተሳተፉት ጋር ነው። በፈቃዱ ወደ ስፖርት አዳራሽ የሚሄድ ሰው ደግሞ መርሐ ግብሩ ከመጀመሩ በፊትም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የፈጠረው መርሐ ግብሩ ይሁን ወይስ የሰዎቹ የቀድሞ ጠባይ በዚህ መንገድ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ይህንን ለመለየት የተነሳው ዴመን ጆንስ፣ ዴቪድ ሞሊተርና ጁሊያን ራይፍ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2016 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኡርባና-ሻምፔይን ግቢ የጀመሩት ጥናት ነው። የጥናቱ መስክ ራሱ ዩኒቨርሲቲው፣ ተጠኚዎቹም የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ነበሩ። የጥቅማ ጥቅም መብት ላላቸው 12,459 ሠራተኞች ጥሪ ተላልፎ 4,834 የሚሆኑት የመጀመሪያውን መጠይቅ ሞልተው ገቡ። ከእነዚህ መካከል 3,300 ያህሉ በዕጣ ወደ መርሐ ግብሩ ሲመደቡ፣ የቀሩት 1,534 ለማነጻጸሪያ ተያዙ። ምደባው በዕጣ በመሆኑ ሁለቱ ወገኖች ሲጀመር ተመሳሳይ ነበሩ።

መርሐ ግብሩ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የክብደት ምርመራን፣ ስለ አኗኗር የሚጠይቅ ቅጽን፣ ከዚያም በየመንፈቀ ዓመቱ የሚመረጡ ትምህርቶችን የያዘ ነበር። ከትምህርቶቹም ሥር የሰደደ ሕመምን መቆጣጠር፣ ክብደት መቀነስ፣ የታይ ቺ እንቅስቃሴና የገንዘብ አያያዝ ይገኙባቸዋል። ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎች የሚሰጠውን ገንዘብም በዕጣ ለዋወጡ። ያለ ክፍያ ምርመራውን ያጠናቀቁት 47 በመቶ ሲሆኑ፣ 100 ዶላር የተመደበላቸው 59 በመቶ፣ 200 ዶላር የተመደበላቸው ደግሞ 63 በመቶ ሆኑ። የመጀመሪያው 100 ዶላር 12 መቶኛ ነጥብ ሲያመጣ ሁለተኛው 100 ዶላር ያመጣው 4 ብቻ ነው። ማበረታቻን በእጥፍ ማሳደግ ተሳትፎን በእጥፍ እንደማያሳድግ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ታተመ። ከሁለት ዓመት በላይ በተደረገው ክትትል መርሐ ግብሩ በጠቅላላ የሕክምና ወጪ፣ በሥራ ምርታማነትና ሠራተኞቹ ስለ ጤንነታቸው በሰጡት ምላሽ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ለውጥ የታየው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የጤና ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎች ቁጥር መጨመሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው አስተዳደሩ ለሠራተኛው ጤና ትኩረት ይሰጣል ብለው የሚያምኑ ሠራተኞች መብዛታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ተከታይ ጽሑፍም መደበኛ ሐኪም ያላቸው ሠራተኞች መበርከታቸው ሲገለጽ፣ በተለኩት የአካል ጤና መመዘኛዎች ላይ ግን ልዩነት እንዳልተገኘ ታውቋል።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን ማቅረባቸው ነው። በተሳተፉትና ባልተሳተፉት መካከል እንደ ድሮው ቢነጻጸር መርሐ ግብሩ የተሳካ ይመስላል፤ ተሳታፊዎች የስፖርት አዳራሽ ያዘወትራሉ፣ በከተማው ዓመታዊ የሩጫ ውድድርም ይገኛሉ። በዕጣ የተመደቡት ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ተሳታፊዎቹ መርሐ ግብሩ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመትም ቢሆን አነስተኛ የሕክምና ወጪ የነበራቸውና የተሻለ አኗኗር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። መርሐ ግብሩ የሳባቸው ችግር ያለባቸውን ሳይሆን ችግር የሌለባቸውን ነው ማለት ይቻላል። ጥናቱ ቀደም ሲል ስለ ሕክምና ወጪና ከሥራ ስለ መቅረት ከታተሙት ግምቶች 84 በመቶ የሚሆኑትን ከራሱ የስሕተት ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል።

በዚያው በ2019 ሶንግና ቤይከር በአንድ የችርቻሮ ንግድ ኩባንያ 160 የሥራ ቦታዎች በሚገኙ ወደ 33 ሺሕ በሚጠጉ ሠራተኞች ላይ ያካሄዱት ሌላ በዕጣ የተመደበ ጥናት ተመሳሳይ መልስ ሰጥቷል። ሠራተኞቹ ስፖርት እንደሚሠሩና ክብደታቸውን እንደሚቆጣጠሩ በብዛት ቢናገሩም በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልም ሆነ በወጪ ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። የ2010ሩን ተስፋ ሰጪ ጽሑፍ ያቀረቡት ተመራማሪዎች ጥብቅ በሆነ ዘዴ ሠርተው ከቀድሞው የተለየ ውጤት ማሳተማቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ማበረታቻ ቅጣት ሲሆን

ማበረታቻ ያለፍላጎት የሚከፈል ቅጣት እስከ መሆን የደረሰባቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነበሩ። የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ሠራተኞቹ የጤና ምርመራ እንዲያደርጉና በኢንተርኔት የሚቀርብ ዝርዝር መጠይቅ እንዲሞሉ፣ ይህን ያላደረገም በወር 100 ዶላር እንዲቀጣ ወሰነ። ከጥያቄዎቹ መካከል ሴት ሠራተኞች ለማርገዝ ማቀዳቸውን የሚጠይቅ ይገኝበት ነበር። መምህራን ተቃውሞ አሰሙ፤ ዩኒቨርሲቲውም በመስከረም ወር ክፍያውን አገደ።

የዬል ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በመርሐ ግብሩ ያልተሳተፉ የሠራተኛ ማኅበራት አባላት በሳምንት 25 ዶላር፣ በዓመት 1,300 ዶላር ይከፍሉ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ክስ ተመሠረተ። የክሱ መሠረት የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀው የ1990ው ሕግና የዘር መረጃን ለአድልዎ መጠቀምን የሚከለክለው የ2008ቱ ሕግ ነበሩ። በሁለቱም ሕጎች ቀጣሪው የሠራተኛውን የጤና መረጃ ሊጠይቅ የሚችለው በሠራተኛው ፈቃድ ብቻ ሲሆን፣ ገንዘብ በማስከፈል የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ የሚለው የክርክሩ ጭብጥ ሆነ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2022 ዬል 1 ነጥብ 29 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በመስማማቱ በዕርቅ አልቋል። ዝቅተኛ ደመወዝተኛ በመርሐ ግብሩ የማይሳተፍ ከሆነ ቅጣቱ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ስለሚሆን፣ ጤና ለማስፋፋት የታሰበው ገንዘብ ከድሃው ወደ ጤነኛው ሊሄድ ይችላል።

የሥራው ሁኔታ ወይስ የሠራተኛው ጠባይ

በእንግሊዝ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ተመርምሯል። ጤና በመንግሥት የሚሸፈን በመሆኑ ቀጣሪው የሚቆጥበው የሕክምና ወጪ የለውም፤ የሚያሳስበው በውጥረት ምክንያት የሚጠፋው ሥራ ነው። የአገሪቱ የሥራ ጤናና ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመዘኛ ውጥረት የሚመነጨው ከስድስት ነገሮች መሆኑን አስፍሯል። እነርሱም የሥራ ብዛት፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለው ሥልጣን፣ የሚያገኘው ድጋፍ፣ የእርስ በርስ ግንኙነት፣ የኃላፊነት ግልጽነትና ለውጥ የሚመራበት መንገድ ናቸው። ስድስቱም ከሠራተኛው ጠባይ ይልቅ የሥራውን አደረጃጀት የሚመለከቱ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ተቋም የወጣ ጥናት ከ59 ተቋማት መረጃ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ወደ ምክር አገልግሎት የሚላኩ ሠራተኞች በ77 በመቶ፣ ወደ ሥራ ጤና ክፍል የሚላኩት ደግሞ በ64 በመቶ መጨመራቸውን አመልክቷል። ጥናቱ ምክንያት ያደረገው የሥራ ጫናን፣ የውጤት ምዘና አሠራርንና ዋስትና የሌለው የኮንትራት ቅጥርን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመና ከ233 ድርጅቶች የ46,336 ሠራተኞችን ምላሽ የመረመረ የኦክስፎርድ ጥናትም ጭንቀትን ስለ መቋቋም በተሰጡ ሥልጠናዎችና በመሳሰሉት የተሳተፉ ሠራተኞች ካልተሳተፉት የተሻለ ደኅንነት እንዳልታየባቸው፣ የተለየ ሆኖ የተገኘውም የበጎ ፈቃድ ሥራ ብቻ መሆኑን ገልጿል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሥራ መሰላቸትን በዓለም አቀፍ የሕመሞች መዝገብ ሲያስገባ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ አእምሮ ጤና በሥራ ቦታ ባወጣው መመሪያም በቅድሚያ የሥራ ሁኔታዎች እንዲሻሻሉና የሥራ ኃላፊዎች እንዲሠለጥኑ መክሯል።

የመደጋገፊያ ቡድን አሠራር

የመደጋገፊያ ቡድን ከአራቱ ዓይነት መርሐ ግብሮች ሁሉ ወጪው ዝቅተኛው ነው፤ ማስረጃውም ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በ27 ጥናቶችና በ10,565 ተሳታፊዎች ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ግምገማ፣ የ1935ቱን የአክሮን ዘዴ ተከትለው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሰዎች ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ታቅበው እንዲቆዩ በማድረግ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እኩል ወይም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ማስረጃ የሚመለከተው የመጠጥ ሱስን ነው፤ ለኀዘንና ለሥራ ውጥረት በቀጥታ ሊወሰድ አይችልም።

በዩኒቨርሲቲዎች የሚቋቋሙት ቡድኖች ጥቂት አባላትን የሚያቅፉ ናቸው፤ የታመመ ወላጅ የሚያስታምሙ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው፣ ከካንሰር ሕክምና ወደ ሥራ የተመለሱ፣ አራስ እናቶች ይሰባሰቡባቸዋል። ቡድኑ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በጥቃቅን ደንቦች ነው። አለቃና ምንዝር በአንድ ቡድን አይቀመጡም። ስም የያዘ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም። ስብሰባው በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ግድግዳ ሥር አይደረግም። አስተባባሪው ምክር የሚያበዛ ሳይሆን ሰው እንዲናገር ጊዜ የሚሰጥ ይሆናል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ከባድ ሕመም ሲያጋጥመውም ወደ ባለሙያ የሚልክበትን መንገድ አስቀድሞ ያውቃል።

ለአገራችን መሥሪያ ቤቶች ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ኤች.አይ.ቪ/ኤድስ እጅግ በተስፋፋበት ወቅት እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸው ሆነው ተቋቁመዋል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ብዙዎች የነበራቸው ድጋፍ ይኸው ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የፀረ ኤድስ ኮሚቴዎች ተቋቁመው፣ ሠራተኛው በፈቃዱ ከደመወዙ በሚያዋጣው ገንዘብ የታመሙ ባልደረቦችን ይረዳ ነበር። የዚያ ጊዜ ዋነኛ እንቅፋት ገንዘብ ሳይሆን ምስጢር ነበር፤ ከፈንዱ ለመጠቀም ራስን ማሳወቅ ግድ በሆነበት ቦታ የሚያስፈልገው ሰው ሳይመጣ ይቀራል።

ከዚህም የቆየው የሥራ ባልደረቦች ዕድር፣ ዕቁብና የብድርና ቁጠባ ማኅበር አለ። በሌሎች አገሮች የገንዘብ አያያዝ ትምህርት እየተባለ በባለሙያ የሚሰጠው ድጋፍ እዚህ በብድርና ቁጠባ ማኅበሩ በኩል በተግባር ይገኛል። ዕድሩ ደግሞ ሞት ሲደርስ ድንኳንና ወንበር ይዞ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ሠራተኛው በሕይወት ሳለ፣ መጠጥ ወይም ጭንቀት ሲጥለው የሚደርስለት አካል ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ አባል መሆን የለመደውን ሠራተኛ ወደዚህ ማሻገር አዲስ መዋቅር ከመዘርጋት ይቀላል።

በሕግ ረገድም መሠረት አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ የሚያስገድድ ድንጋጌ ይዞ የወጣ ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውንም ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀናት አሳድጎ ነበር። ሁለቱም የሠራተኛውን ጠባይ ሳይሆን የሥራውን ሁኔታ የሚለውጡ በመሆናቸው ከክብደት መቀነሻ ትምህርት ይልቅ የዓለም ጤና ድርጅት ለሰጠው ምክር የቀረቡ ናቸው።

በ2013 ዓ.ም. ተቀስቅሶ በነበረው የሰሜኑ ጦርነት የመቐለ፣ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኞች በጦርነቱ ውስጥ አልፈዋል። የተዘረፉ ቤተ ሙከራዎችና ቢሮዎች በዕቃ ግዥ ሊተኩ ይችላሉ። ቤተሰቡን ያጣ ወይም የተፈናቀለ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ድጋፍ ግን በግዥ ዝርዝር ውስጥ የማይገባ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ኀዘን የደረሰባቸው ባልደረቦች የሚገናኙበት ቡድንና የሠለጠነ አማካሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው በእንዲህ ያሉ ተቋማት ነው።

መርሐ ግብር ለመጀመር ያሰበ ተቋም ከኢሊኖይ የሚወስደው ቴክኒካዊ ትምህርት አለ። በጀቱ ለሁሉም ክፍሎች በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚገቡትን ክፍሎች በዕጣ መምረጥ ያለ ተጨማሪ ወጪ ማነጻጸሪያ ያስገኛል፤ በአለቆች ፍላጎት የተመረጡ እንደሆነ ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት የሚያሳየው ቀድሞውንም ደህና የነበሩትን ነው። የተሳታፊዎች ቁጥርም በሥራ መደብ ተለይቶ ቢመዘገብ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ ለመምህራን ይመች ይሆናል፤ በዚያን ሰዓት የምግብ ቤቱ ሠራተኛ እራት እያዘጋጀ፣ የሌሊት ጥበቃውም ለፈረቃው ከቤቱ እየተነሳ ነው።